ክዳኑ ቢያረጅ ቤቱ አይፈርስም

የመንዝ ሰው ከጥንት ጀምሮ ቤቱን በጓሳ ሣር ሲከድን ኖሯል። ሣሩ ብርዱንና ዝናሙን ለብዙ ዓመት ከቻለ በኋላ ይበሰብሳል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ አሮጌውን አውርዶ በአዲስ ይከድናል እንጂ ግድግዳውንና ምሰሶውን ነቅሎ አይጥልም። ሣሩም በተፈለገ ጊዜ እንዲገኝ አባቶች ቄሮ የሚባል ሥርዓት አቁመው፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለውን የጓሳን ደጋ ለዓመታት እየዘጉ በወሰኑት ጊዜ ብቻ ያሳጭዱት ነበር። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢቀርም፣ ጓሳ ዛሬም በአካባቢው ሕዝብ የሚጠበቅ ቦታ ነው። እንግዲህ የሚያረጀውን ክፍል ከሚጸናው ለይቶ ማወቅ ለዚህ አገር ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በመሐል ሜዳም ሆነ በሞላሌ፣ በራቤልም ሆነ በዓለም ከተማ፣ አንድ ጸሐፊ አሮጌውን ኮምፒዩተር ለማብራት ሞክሮ እንቢ ቢለው የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ «ሞቷል» የሚል ነው። ማሽኑ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ቀጥሎም እንደ ቁራጭ ብረት ተቆጥሮ ይወገዳል። ነገር ግን የሞተው ከጣት ጫፍ የማይበልጥ፣ ዋጋውም አነስተኛ የሆነ ካፓሲተር የሚባል ዕቃ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ካፓሲተር የኤሌክትሪክ ጎተራ ነው ለማለት ይቻላል። ኃይሉ ሲበዛ ያጠራቅማል፤ ሲያንስ ይሰጣል፤ በዚህም ከፍ ዝቅ የሚለው ኤሌክትሪክ ተስተካክሎ እንዲደርስ ያደርጋል። ቶሎ የሚያረጀው ዓይነት በውስጡ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች፣ በመካከላቸውም ፈሳሽ የጠጣ ወረቀት ተጠቅልለው ይገኙበታል። በአንደኛው ቅጠል ላይ ያለው እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ኤሌክትሪኩ እንዳያልፍ ይከለክላል።

የዚህ ዕቃ ጠላት ሙቀት ነው፤ ፈሳሹን ያደርቀዋልና። በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 2000 ሰዓት እንዲያገለግል የተሠራ ካፓሲተር፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል፤ በ65 ዲግሪ ወደ 32000 ሰዓት ይደርሳል ማለት ነው። ስለዚህ የመንዝ ብርድ ወዳጁ ነው። ቢሆንም ብርዱ ብቻውን አያድነውም፤ ለዓመታት ሳይሠራ ከቆመ የኦክሳይዱ ሽፋን ይሳሳል፤ ማሽኑን በድንገት ማብራትም ጉዳት ያመጣል። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ፈሳሻቸው ጉድለት ያለበት ካፓሲተሮች በዓለም ገበያ በብዛት ስለ ተሸጡ፣ የዚያ ዘመን ብዙ ኮምፒዩተሮች ያለ ዕድሜያቸው ተበላሽተዋል።

ምልክቱ በዓይን ይታያል፤ አናቱ ያብጣል፣ ወይም ከሥሩ ቡናማ ፈሳሽ ይወጣል። አንዳንዱ ግን በውጭ ምንም ሳያሳይ በውስጡ ይደርቃልና መለኪያ ያስፈልገዋል። ለመለወጥ የብየዳ ካውያ፣ ሊድና ትዕግሥት ይበቃሉ። በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ቦታና አቀማመጥ ፎቶግራፍ ማንሣት፤ ቀጥሎ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ አዲስ መግዛት፤ አሮጌውን አውጥቶ የፈሰሰውን በአልኮል መጥረግ ነው። በጎኑ ያለው መስመር ኔጌቲቭ የሆነውን እግር ያመለክታል፤ ተገልብጦ የገባ ካፓሲተር ይፈነዳል። ኃይል ሰጪውን ክፍል ግን ልምድ የሌለው ሰው አይክፈተው፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይና ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

«አዲስ መግዛት እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል አይጠፋም። መልሱ በማሽኑ ውስጥ ባለው ጽሑፍ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መለያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደሎቻችን የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ ይህም ልማድ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቷል። በአንዱ የተጻፈው ቃለ ጉባኤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። ፕሮግራሙና ፊደሉ በዚያ አሮጌ ማሽን ውስጥ ብቻ ከቀሩ፣ ማሽኑን መጣል መዝገቡን ቆልፎ ቁልፉን ወደ ጀማ ገደል እንደ መወርወር ነው። ስለዚህ ማሽኑ በተነሣ ዕለት የመጀመሪያው ሥራ ጽሑፉን መገልበጥና ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው፤ የታደሰውም ክፍል አንድ ቀን ያረጃልና።

በአገራችን በእሳትና በብረት የሚሠራ ሰው ሲናቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። ዛሬም ካውያ መያዝን ከብዕር የሚያሳንስ ተማሪ ካለ፣ ብዕሩ የጻፈውን ያዳነው ካውያው መሆኑን ያስብ። ወጣቱ ሹምም በማስወገጃው ወረቀት ላይ ከመፈረሙ በፊት፣ የማሽኑ ክዳን ተከፍቶ ታይቶ እንደ ሆነ ይጠይቅ።