ዕድሜያቸው በውል ለማይታወቅ አረጋውያን የቁመት ግምት

ጀርባው የጎበጠ፣ የዳሌ አጥንቱ የተሰበረ ወይም ከአልጋ መነሣት የተሳነው አረጋዊ ቆሞ ሊለካ አይችልም። ቁመቱ ካልታወቀ ደግሞ የክብደትና የቁመት ምጣኔ (ቢኤምአይ) አይሰላም። በዚህ ጊዜ አማራጭ ሆኖ ከሚያገለግሉት ልኬቶች አንዱ የጉልበት ከፍታ ነው። የአከርካሪ አጥንት ዲስኮች ከዕድሜ ጋር ሲሳሱ ቁመት ይቀንሳል፤ የታችኛው እግር ርዝመት ግን በአብዛኛው እንደነበረ ይቆያል። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ፣ ግራ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ በ90 ዲግሪ ታጥፈው፣ ከተረከዝ ሥር እስከ ጉልበቱ አናት ያለው ርቀት በተንሸራታች መለኪያ ይወሰዳል። የልብስ መለኪያ ሜትር የሰውነትን ቅርጽ ተከትሎ ስለሚታጠፍ አያስተማምንም።

ቸምሊያና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ከ60 እስከ 90 ዓመት ለሆናቸው ሰዎች ያወጡት ቀመር ዛሬም በስፋት ይሠራበታል፦

ሴት፦ ቁመት = 84.88 − (0.24 × ዕድሜ) + (1.83 × የጉልበት ከፍታ)
ወንድ፦ ቁመት = 64.19 − (0.04 × ዕድሜ) + (2.02 × የጉልበት ከፍታ)

ቀመሩ የተዘጋጀው በአሜሪካ በመሆኑ የአካል ምጥጥን ልዩነት ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ከሶዶ በስተምዕራብ በኪንዶ ኮይሻ ወረዳ እንደምትገኘው ቤሌ ባለ አካባቢ ግን ከዚህ የሚቀድም፣ ብዙም ትኩረት ያልተሰጠው ችግር አለ፤ እርሱም ዕድሜ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። የዛሬዎቹ አረጋውያን ሲወለዱ አልተመዘገቡም፤ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁም ወደ 60፣ 70 ወይም 80 ያጠጋጉታል።

የ10 ዓመት ስሕተት የወንዱን ግምት በ0.4 ሴንቲ ሜትር፣ የሴቷን ግን በ2.4 ሴንቲ ሜትር ያዛባል። የጉልበታቸው ከፍታ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደታቸው 46 ኪሎ ግራም የሆነ አንዲት እናት 70 ዓመት ነው ከተባለ ቁመታቸው 159.6 ሴንቲ ሜትር፣ ምጣኔያቸው 18.1 ይሆናል። 80 ነው ከተባለ 157.2 ሴንቲ ሜትርና 18.6 ይሆናል። የ18.5 ወሰን በሁለቱ መካከል ስለሚያልፍ፣ ያው አካልና ያው ክብደት በአንዱ መዝገብ የምግብ እጥረት ያለበት፣ በሌላው ጤናማ ተብሎ ይጻፋል።

ግማሽ የክንድ ዝርጋታ ከዕድሜ ነጻ ነው። ቤሲ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣችው ቀመር ለሴቶች 60.1 + (1.35 × ግማሽ ዝርጋታ)፣ ለወንዶች 57.8 + (1.40 × ግማሽ ዝርጋታ) ነው። ይሁንና ክንዱ በስትሮክ ወይም በመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት የማይዘረጋ ታካሚ በዚህ ሊለካ አይችልም፤ ቀመሩም ከውጭ የመጣ ነው።

ስለዚህ ዕድሜን በክስተት ማጣራት ከመለኪያው ጥራት ያላነሰ ዋጋ አለው። «በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጊዜ ስንት ልጆች ነበሩዎት?» የሚለው ጥያቄ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ከሚለው የተሻለ መልስ ያስገኛል። ጥርጣሬው ከቀጠለ ስሌቱን በዝቅተኛውም በከፍተኛውም ዕድሜ መሥራት ይገባል። ሁለቱም ውጤቶች ከወሰኑ በአንድ በኩል ከወደቁ የዕድሜው ጥያቄ ውሳኔውን አይለውጥም፤ ወሰኑን ከተሻገሩ ግን ሁለቱንም መዝግቦ የላይኛውን ክንድ ዙሪያ (ሙአክ) መለካት ያስፈልጋል፤ ይህ ልኬት ቁመትም ዕድሜም አይጠይቅም።