«ከልብ» ስለሚለው ቃል፤ በዶሓ ለሚኖሩ

በግእዝ ከልብ ማለት ውሻ ነው። ዳዊት የሚደግም ሁሉ በ21ኛው መዝሙር ብዙውን «ከለባት» ሲል ያገኘዋል። በአማርኛ ግን «ከ» ለብቻው፥ «ልብ» ለብቻው ነው፤ ይኸውም በግእዝ እምልብ የሚባለው ነው። በአገራችን ሳለን ይህ ልዩነት ከጉባኤ ቤት አይወጣም፤ ምስጋናችንን «ከልብ» ብለን ስንጀምር የሚሰቀጥጠው የለም።

በቀጠር አገር፥ በዶሓ ከተማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዐረብኛ ለግእዝ የሥጋ ዘመዱ ስለ ሆነ ውሻን እርሱም ከልብ ይለዋል፤ ለሰው ሲነገርም ከባድ ስድብ ነው። (ልብን ቀልብ ይለዋል፤ እኛም «ቀልቡን ሳተ» የምንለው ከእርሱ ተውሰን ነው።) እንግዲህ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን ከእናቷ ጋር በስልክ ስትጫወት «ከልቤ ነው የምልሽ፥ ከልብ ነው» እያለች ብትደጋግም፥ አማርኛ የማታውቀው እመቤት ከንግግሩ ሁሉ ለይታ የምትሰማው ያንኑ አንድ ቃል ነው። ስለ ማን እንደ ተነገረም ብትጠረጥር አያስደንቅም። በዚያ ቤት ሳለች «ከአንጀቴ ነው» ብትል ከፍቅሯ ምንም አይጎድልም።

መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ለእኛ ማንኛውም ጥራዝ መጽሐፍ ነው፤ ዐረቡ ሙስሐፍ ሲል ግን የቁርኣኑን ጥራዝ ነው። ቃሉም ከግእዝ ተሻግሮ የሄደ ነው የሚሉ የቋንቋ ሊቃውንት አሉ። ስለዚህ አንዱ ለጓደኛው «መጽሐፉን ወዲያ ጣለው» ቢል፥ የ«ጸ» ድምፅ ቢለይም እንኳ፥ በአጠገቡ የሚያልፈው ሙስሊም ደንግጦ ዘወር ቢል አይፈረድበትም።

ይህ ከባዕድ ጋር የሚያጋጥም ነው። ይልቅ የሚያሳዝነው በገዛ ማኅበራችን መካከል የሚደርሰው ነው። ዐረብኛ በዘወትር ንግግር ታናሹንም ታላቁንም «ኢንተ» ይላል፤ ግእዝም ለፈጣሪም ለንጉሥም «አንተ» ነው። አማርኛ ግን «ርእስ» ከሚለው ቃል «እርስዎ»ን አወጣ፤ በጎንደርና በወሎ «አንቱ»ም አለ። በዶሓ ያደገ ልጅ ከአገር ቤት ለመጡ ሽማግሌ ካህን «አባ፥ አንተ ና፥ ተቀመጥ» ያላቸው እንደ ሆነ፥ እርሳቸው ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ እናቲቱም በኀፍረት መሬት ትቆረቁራለች። በግእዝ ሕግ ቢመዘን ግን ልጁ አልበደለም፤ ካህኑ ራሳቸው ለጸሎት በቆሙ ቁጥር እግዚአብሔርን «አንተ» ይሉታል። ይህን አስበው ጥቂት ቢታገሡት መልካም ነው። «እርስዎ» እና «ይቀመጡ» የሚሉትን ለማጥናት ለልጁ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።