ሰብልንና ከብትን ከአራዊት ለመጠበቅ የሚሆን ጠመንጃ ስለ መምረጥ

ሐሮ ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል የሚገኝ ደጋ አገር ነው። ሐሮ ማለት በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው፤ ሐይቁም በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ተኝቶ ዙሪያውን ገደልና ተዳፋት ከቦታል። ገበሬው በተዳፋቱ ላይ እንሰት፥ ገብስና ድንች እየዘራና እየተከለ፥ ከብትና በግ እያረባ ይኖራል። በእንዲህ ያለው ደጋ አገር የሥራሥር ተክልን ጃርትና ከርከሮ ይቈፍራሉ፤ እሸቱን ዝንጀሮ ይገፋል፤ በጉንና ጥጃውን ጅብ ይነጥቃል። ስለዚህ ብዙ አባወራ ዋጋው የቀለለ ጠመንጃ ለመግዛት ያስባል። ነገር ግን ሳይመረምር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ልጅ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላልና፥ ምርጫው በምክርና በዕውቀት ሊሆን ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ «የትኛው ጠመንጃ?» ሳይሆን «የትኛው አውሬ?» የሚል ነው። ጃርት የሚወጣው ሌሊት ነው፤ ጅብም አብዛኛውን ጊዜ በጨለማ ይመጣል። በጨለማ የሚተኩስ ሰው የሚመታውንም ከዚያ በስተኋላ ያለውንም አያይም። ስለዚህ ለሌሊት አውሬ ከጠመንጃ ይልቅ ጠንካራ አጥር፥ በሚገባ የሚዘጋ በረትና ንቁ ውሻ ይበልጣሉ። ዝንጀሮ በቀን ይመጣልና ከማማ ላይ የሚጠብቅ ሰው ወንጭፍ ይዞ ሊያባርረው ይችላል። ጠመንጃ የሚፈለገው ይህ ሁሉ ተደርጎ ጉዳቱ ባልቆመ ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሕግ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 541 ደግሞ የዱር እንስሳትን ይጠብቃል። ስለዚህ የጠመንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ አውሬ የመግደል ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። አውሬ ያስቸገረው ገበሬ ነገሩን አስቀድሞ ለቀበሌውና ለወረዳው ማመልከት አለበት። እንስሳውንም ለይቶ ማወቅ ያሻል፤ በባሌና በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ፥ ቍጥሩም እጅግ ያነሰ እንስሳ ሲሆን፥ ከተራው ቀበሮ ጋር የሚያምታታው ሰው አይታጣምና።

በኢትዮጵያ የታወቁት ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃዎች የቈየ ታሪክ አላቸው። ባለ መቀርቀሪያ የሚባለው ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ መቀርቀሪያው በእጅ ተከፍቶ፥ ባዶው ቀለህ ወጥቶ፥ አዲስ ጥይት የሚጐርሰው ነው። ውጅግራ የሚለው ስም የመጣው ፉዚ ግራ ከሚለው ከፈረንሳይ ቃል ነው፤ ይህ ጠመንጃ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1874 የወጣ፥ አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርስ፥ አፉም 11 ሚሊሜትር የሆነ ነው። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ከኢትዮጵያ ወታደሮች ብዙዎቹ ይዘውት ነበር። ከእርሱ በኋላ በ1886 የፈረንጆች ዓመት የወጣው ለበል 8 ሚሊሜትር ሆኖ ጭስ በሌለው ባሩድ ይተኩሳል። ከቤልጅግ አገር የመጣው ማውዘር፥ ሕዝቡ በልጅግ የሚለው፥ አፉ 7.92 ሚሊሜትር ነው። ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን ይዘውት የመጡት ካርካኖ ደግሞ በብዛት 6.5 ሚሊሜትር ነበረ።

ርካሽነት የሚለካው በጠመንጃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ በጥይቱም ነው። ጥይቱ በሕጋዊ መንገድ የማይገኝለት አሮጌ ውጅግራ በስጦታ ቢገኝ እንኳ ከጌጥ አያልፍም። እንዲሁም «ይመስላል» ተብሎ የሌላ ጠመንጃ ጥይት ቢጐርስ መቀርቀሪያው ፈንድቶ የተኳሹን ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። የጥይቱ ዐይነትም ይለያያል። ለጦርነት የተሠራው፥ እርሳሱ ሙሉ በሙሉ በጠንካራ ብረት የተሸፈነው፥ እንስሳውን በስቶ ወደ ፊት ሊሄድ ይችላል፤ ለአደን የተሠራው ጫፉ ለስላሳ የሆነው ግን በሥጋ ውስጥ ይሰፋል። 5.6 ሚሊሜትር የሆነችው ትንሽ ጠመንጃ ጥይቷ ርካሽ፥ ድምፅዋም ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ለትናንሽ እንስሳት እንጂ ለጅብ አትሆንም፤ አቍስላ የምትለቀው አውሬ ካልቈሰለው ይልቅ አደገኛ ነውና።

አሮጌ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጥይት አለመጕረሱን ያረጋግጥ። ቀጥሎ መቀርቀሪያውን አውጥቶ በብርሃን ፊት የአፈ ሙዙን ውስጥ ይመልከት። ውስጡ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ መስመር ጐልቶ ቢታይ መልካም ነው፤ መስመሩ ቢጠፋ ወይም በዝገት ቢበላ ጥይቱ ወደ ዒላማው አይሄድም። ጥቍር ቀለበት ቢታይ ግን ብረቱ አብጧል ማለት ነውና አይግዛው። ከዚያም በኋላ ጠመንጃ የሚያውቅ ሠራተኛ ይመርምረው፤ ከተተኰሰ በኋላ የወጣው ቀለህ በታችኛው ወገን ቢሰነጠቅ መቀርቀሪያው እንደ ላላ ምልክት ነው። ሰደፉ የተሰነጠቀ፥ አጠባበቂያው የማይዝ ጠመንጃ ዋጋው ምንም ቢቀንስ ውድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ጥይቱ ካለፈ በኋላ የት እንደሚያርፍ ነው። የማውዘር ጥይት ከ3 ኪሎሜትር በላይ፥ የትንሿም ጠመንጃ ጥይት ከ1 ኪሎሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። በሐሮ ወንጪ ደግሞ ከላይ ሆኖ ወደ ታች የሚተኩስ ሰው ከሥሩ ቤት፥ መንገድና ታንኳ አለ። ውኃ ጥይትን ሁልጊዜ አይውጥም፤ በአግድም የመታው ጥይት እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነጥሮ ወደ ማዶ ዳርቻ ሊደርስ ይችላል። በሐይቁ መካከል ባለው ደሴት የቂርቆስ ገዳም አለ፤ ወንጪም በ2014 ዓ.ም. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ጋር ስለ ተቈጠረች እንግዶች በእግርና በፈረስ ይመላለሱባታል። ስለዚህ ከአውሬው በስተኋላ የአፈር ጕብታ ካልታየ በቀር ምላጭ መሳብ አይገባም። ቍጥቋጦ ጥይት አያቆምም፤ ከቍጥቋጦው በስተኋላም እረኛ ልጅ ሊኖር ይችላል።

ጠመንጃ ከተገዛ በኋላ ጥበቃ ይፈልጋል። የአንዳንድ አሮጌ ጥይት መለኰሻ ከተቃጠለ በኋላ ጨው ይተዋል፤ ጨውም የአየርን እርጥበት ስቦ ብረትን ያዝጋል፤ ጉምና ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ይህ ፈጥኖ ይታያል። ጨው በዘይት ብቻ አይለቅምና አስቀድሞ ውስጡን በፈላ ውኃ ማጠብ፥ ማድረቅ፥ በኋላም ዘይት መቀባት ይገባል። ጠመንጃውና ጥይቱ በየራሳቸው ቦታ ተቈልፈው ይቀመጡ፤ ልጆች የሚያውቁት መደበቂያ መደበቂያ አይደለም።

እንግዲህ መልካም ጠመንጃ የሚባለው ፈቃድ ያለው፥ ጥይቱ በሕግ የሚገኝ፥ ብረቱ ያልተበላ፥ ለታሰበውም አውሬ የሚመጥን ነው። ይህን ሁሉ ለማሟላት ገንዘቡ የማይበቃው ገበሬ በዚያው ገንዘብ በረቱን ቢያጠናክርና ከጎረቤቶቹ ጋር በተራ ቢጠብቅ ሰብሉንና ከብቱን ይበልጥ ያድናል። ሽማግሎች ይህን በሸንጎ፥ መምህራንም በትምህርት ቤት ቢያስረዱ፥ ከአውሬ ለመዳን የተገዛው መሣሪያ በሰው ላይ ሐዘን ከማምጣት ይከለከላል።