መርከቧ መቼ ትደርሳለች?

ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል ለማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቀላል ስሌት ነው። ይሁን እንጂ መነሻውና መድረሻው በተለያየ የሰዓት ክልል ሲገኙ፣ የተገኘው ውጤት ብቻውን መርከቧ የምትደርስበትን ሰዓት አይነግረንም።

ለአብነት ከዮኮሃማ (ጃፓን) ወደ ሳን ፍራንሲስኮ (አሜሪካ) የምትጓዝ የጭነት መርከብ እንውሰድ። ርቀቱ 4,500 የባሕር ማይል ያህል ሲሆን፣ አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። መርከቧ በሰዓት 15 የባሕር ማይል ብትጓዝ ጉዞው 300 ሰዓት፣ ማለትም 12 ቀን ከ12 ሰዓት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን በ18:00 ሰዓት ተነሳች እንበል። (መርከበኞች ሰዓት የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ነው፤ 18:00 በሀገራችን አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል።) ስንደምረው ጃንዋሪ 23 ቀን 06:00 እናገኛለን። ይህ ግን የዮኮሃማ ሰዓት እንጂ የሳን ፍራንሲስኮ አይደለም።

ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር፣ በየ15 ዲግሪ ኬንትሮስ የአንድ ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል። ዮኮሃማ ከግሪንዊች በ9 ሰዓት ትቀድማለች፤ ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ በክረምቷ ወራት በ8 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ስለዚህ ስሌቱን በሦስት ደረጃ እንሠራለን፦

1. የመነሻውን ሰዓት ወደ ግሪንዊች መለወጥ፦ 18 − 9 = 9፤ ጃንዋሪ 10፣ 09:00።
2. የጉዞውን ጊዜ መደመር፦ ጃንዋሪ 22፣ 21:00።
3. ወደ መድረሻው ሰዓት መለወጥ፦ 21 − 8 = 13፤ ጃንዋሪ 22፣ 13:00።

ልዩነቱ 17 ሰዓት ነው። ይህን የዘነጋ ሰው መርከቧን ወደብ የሚያስገባውን ባለሙያ፣ ጎታች ጀልባዎቹንና ጭነት አውራጆቹን የሚጠራው መርከቧ ደርሳ ስትጠብቅ ከዋለችና ካደረች በኋላ ነው።

የቀን መዛባት ለመርከበኞች አዲስ ነገር አይደለም። ከማጄላን ጉዞ የተረፉት መርከበኞች እ.ኤ.አ. በ1522 ኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ሲደርሱ በመዝገባቸው ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ በየብስ ግን ሐሙስ ሆኖ አገኙት። ፀሐይን ተከትለው ወደ ምዕራብ ስለተጓዙ እያንዳንዱ ቀናቸው በጥቂቱ ይረዝም ነበር፤ ያ ጥቂት በጥቂት ተጠራቅሞ ምድርን ዞረው ሲጨርሱ አንድ ሙሉ ቀን ሆነ። ዛሬ ይህንን ልዩነት በሰላማዊ ውቅያኖስ የሚያልፈው የቀን መለወጫ መስመር ያስተካክለዋል።

ሰዓቱ በትክክል ቢለወጥም ስሌቱ አያበቃም። ማዕበል የመርከቧን ፍጥነት ከ15 ወደ 14 ቢቀንሰው ጉዞው 321 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ 21 ሰዓት ዘገየች ማለት ነው። የባከነውን ጊዜ በፍጥነት ማካካስም ዋጋ አለው። የሞተሩ ኃይል በግምት ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ፣ ፍጥነትን በ10 በመቶ መጨመር በየሰዓቱ የሚቃጠለውን ነዳጅ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያሳድገዋል። ስለሆነም የመርከብ መኮንኖች የመድረሻውን ሰዓት በጉዞው ሁሉ ደጋግመው ያሰላሉ።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ እናንተም ሞክሩ። መርከቧ ጃንዋሪ 25 ቀን በ08:00 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥታ በዚያው በ15 ፍጥነት ብትመለስ፣ ዮኮሃማ መቼ ትደርሳለች?

(መልስ፦ ፌብሩዋሪ 7 ቀን፣ 13:00)