ሐሳብ ሕመምን የሚፈውሰው እስከ ምን ድረስ ነው?

በፈተና ሰሞን በመኝታ ቤታችን የማይታመም ተማሪ ጥቂት ነው። አንዱን ራሱን ያመዋል፤ ሁለተኛው ሆዱ ይታወካል፤ ሦስተኛውን ጉንፋን ይይዘዋል። እኛ ነገሩን «የፈተና በሽታ» እያልን በቀልድ እናልፈዋለን፤ ከአስተማሪዎቻችንም መካከል በሽታውን ከስንፍና የሚቈጥሩት አይጠፉም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ይኸው ቀልድ ነው። ይኸውም ጭንቀት በእርግጥ አካልን ይጐዳ እንደ ሆነ፣ ተስፋና እምነትም ይፈውሱ እንደ ሆነ፣ የሚፈውሱ ከሆነም ወሰናቸው የት ላይ እንደ ሆነ በምርመራ ከተገኘው ነገር ጥቂቱን ለባልንጀሮቼ ለማቅረብ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ፈተናው በቀጥታ የተደረገ ምርመራ አለ። በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማሩቻ፣ ኪኮልት ግሌዘርና ፋቫጌሂ የተባሉ ተመራማሪዎች ውጤቱን በ1998 አሳትመውታል። ዐሥራ አንድ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በፈቃዳቸው በላንቃቸው ላይ 3.5 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ቁስል ሁለት ጊዜ ተደረገችባቸው። የመጀመሪያዋ በትምህርት ዕረፍት ወራት፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ትልቁ ፈተና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ያው አፍ፣ ያው ሰው፣ ያችው መጠን ያላት ቁስል፤ ነገር ግን የፈተናው ሰሞን ቁስል እስኪድን ድረስ በአማካይ ሦስት ቀን፣ ማለትም 40 በመቶ ያህል ዘገየ። ከዐሥራ አንዱ መካከል በፈተና ሰሞን ፈጥኖ የዳነ አንድ ስንኳ አልተገኘም። በእርግጥ ዐሥራ አንድ ሰው ጥቂት ነው፤ በፈተና ጊዜም እንቅልፍና ምግብ አብረው ይለወጣሉ። ሆኖም እነዚሁ ተመራማሪዎች ካሉበት ክፍል በ1995 የወጣው ጥናት ይህንኑ ያጸናዋል። የመርሳት በሽታ የያዛቸውን ዘመዶቻቸውን ቀንና ሌሊት የሚያስታምሙ 13 ሴቶች፣ እንዲህ ያለ ሸክም ከሌለባቸው 13 ሴቶች ጋር ሲነጻጸሩ፣ በክንዳቸው ላይ የተደረገው ትንሽ ቁስል ለመዳን ዘጠኝ ቀን ያህል ዘግይቶባቸዋል።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ሰው ሲጨነቅ አንጎሉ ከኩላሊት በላይ ወዳሉት ዕጢዎች መልእክት ይልካል፤ ዕጢዎቹም ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ያፈሳሉ። ይህ ሆርሞን በብዛት ሲገኝ ቁስሉን የሚጠግኑትን የደም ሕዋሳት የሚጠሩትን ንጥረ ነገሮች ያዳክማል። ሐኪሞችም የዚህኑ ሆርሞን ዘመዶች እብጠትን ለማብረድ በመድኃኒትነት ያዝዛሉ፤ መድኃኒቱን ለብዙ ጊዜ የሚወስድ ሰው ቁስሉ ቶሎ እንደማይጠግ ያውቃሉ። ስለዚህ «የፈተና በሽታ» የምንለው ነገር ስንፍና ነው የሚለው ፍርድ በቂ ማስረጃ ያለው አይመስለኝም።

ጭንቀት ቁስልን የሚያዘገይ ከሆነ ተስፋስ ያድን ይሆን? እዚህ ላይ ነገሩ የበለጠ ረቂቅ ነው። ከጥንታዊዎቹ ምርመራዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር በ1799 የተደረገው ነው። ፐርኪንስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሁለት የብረት ዘንጎች ሠርቶ፣ በሚያመው አካል ላይ ቢጐትቷቸው ሕመሙን ስበው ያወጣሉ እያለ በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ብዙ ሰዎችም ድነናል ብለው መሰከሩ። ሄይጋርዝ የተባለ ሐኪም ግን ነገሩን ተጠራጠረና በባዝ ከተማ የእንጨት ዘንጎች አሠርቶ የብረት መልክ ቀባቸው። በእነዚህም አምስት ሕመምተኞችን ቢሞክር አራቱ ሕመማችን ቀለለልን አሉ። በማግሥቱ በእውነተኛዎቹ የብረት ዘንጎች ሲሞክር ውጤቱ ያው ሆነ። ሄይጋርዝ ሕመምተኞቹን ውሸታሞች አላላቸውም። ኃይሉ ከብረቱ ሳይሆን ከሐሳባቸው እንደ መጣ ገልጦ ጻፈ እንጂ።

ዛሬ ሐኪሞች መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ወይም መርፌ «ፕላሴቦ» ይሉታል፤ ቃሉ በላቲን «ደስ አሰኛለሁ» ማለት ነው። ባዶ ክኒን ሕመምን በምን ያቀላል? በ1978 ሌቪን፣ ጎርደንና ፊልድስ የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ጥርሳቸውን የተነቀሉ ሰዎችን ይዘው ይህን መረመሩ። ሞርፊንን የሚያከሽፍ ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት አለ። በባዶው መድኃኒት ሕመማቸው የቀለለላቸው ሰዎች ናሎክሶን ሲሰጣቸው ሕመሙ እንደ ገና በረታባቸው። ከዚህም የተነሣ አንጎል በተስፋ ሲነቃቃ ሞርፊን መሰል ነገር ከራሱ አመንጭቶ ሕመሙን እንደሚያስታግሥ ተገመተ፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ብዙ ምርመራዎችም ግምቱን ደግፈውታል። እንግዲህ «ሐሳብ ብቻ ነው» የሚባለው ነገር ሥጋዊ መንገድ አለው።

ባዶው መድኃኒት የሚሰጥበት ሥርዓትም ለውጥ ያመጣል። በ2000 የታተመ የ22 ጥናቶች ንጽጽር እንደሚያመለክተው፣ ከባድ የራስ ምታት ከያዛቸው ሰዎች መካከል ባዶ ክኒን ከዋጡት 25.7 በመቶው ሲሻላቸው፣ ባዶ መርፌ ከተወጉት ግን 32.4 በመቶው ተሻላቸው። ይህን ሳነብ ሐኪም ቤት ሄደው ክኒን ብቻ ሲሰጣቸው «ሳልታከም ተመለስሁ» የሚሉት የአገራችን ሽማግሌዎች ትዝ አሉኝ። እኛ ተማርን የምንለው እንስቅባቸዋለን፤ በቍጥሩ ግን ጨርሶ የሚሳቅባቸው አይደሉም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ሁሉ ለሐሳብ የሚያደላ ነው። አሁን ወደ ወሰኑ ልምጣ። ቢቸር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1955 ዐሥራ አምስት ጥናቶችን ደምሮ ከሕመምተኞቹ 35 በመቶ ያህሉ በባዶ መድኃኒት እንደ ተሻላቸው ጻፈ፤ ይህም ቍጥር በየመጽሐፉ ሲጠቀስ ኖረ። ነገር ግን ብዙ በሽታ ምንም ሳይደረግለት በራሱ ይበርዳል፤ ሰውም ወደ ሐኪም የሚሄደው ሕመሙ ሲብስበት ስለ ሆነ ከዚያ በኋላ ቢሻለው አይደንቅም። በ2001 ህሮብጃርትሶንና ጌትሼ የተባሉ በዴንማርክ አገር የሚሠሩ ተመራማሪዎች ባዶ መድኃኒት የተሰጣቸውን ሰዎች ምንም ካልተሰጣቸው ጋር ያነጻጸሩ 114 ጥናቶችን ሰበሰቡ። ሕመምተኛው ራሱ በሚናገረው ነገር፣ በተለይም በሕመም ስሜት፣ መጠነኛ ለውጥ አገኙ፤ በመሣሪያ በሚለካው ነገር ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም።

ልዩነቱን ከሁሉ ይልቅ ግልጥ አድርጎ የሚያሳየው በ2011 የወጣው የቦስተን ተመራማሪዎች የአስም ጥናት ነው። 39 ሕመምተኞች በተራ በተራ አራት ነገር ተደረገላቸው፤ እውነተኛ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳዩ፣ የይምሰል የቻይና መርፌ፣ በመጨረሻም ምንም ያልተደረገበት ቀን። የትንፋሻቸው ኃይል በመሣሪያ ሲለካ በእውነተኛው መድኃኒት 20 በመቶ ሲጨምር፣ በሦስቱ በሌሎቹ ግን 7 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ሕመምተኞቹ ራሳቸው ምን ያህል ተሻላችሁ ተብለው ሲጠየቁ ደግሞ መልሱ ለእውነተኛው መድኃኒት 50፣ ለባዶው 45፣ ለይምሰሉ መርፌ 46 በመቶ ሆነ። ምንም ባልተደረገበት ቀን 21 በመቶ ነው። ማለትም ሳንባቸው እንደ ተዘጋ ሳለ ሰዎቹ ከልባቸው «ተሻለኝ» ይሉ ነበር።

ይህ ነገር በቤተ ሙከራ ብቻ የሚቀር አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በተለመደው ሥርዓት ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሕመምተኛው ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳሉ ይቀንስለታል፣ ምግብ ይስማማዋል፣ ድኛለሁ ይላል። የሚያቋርጠውም በዚህን ጊዜ ነው። ተባዩ ግን በሳንባው ውስጥ እንዳለ ነው፤ ዳግመኛ ሲነሣም መድኃኒቱን ተላምዶ ሊነሣ ይችላል።

እኔም በዓይኔ ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። አስም ያለበት የመኝታ ክፍል ባልንጀራዬ አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጠረው። መድኃኒቱ አልቆበት ነበር። ትኩስ ሻይ አፍልተን ሰጠነው፤ ጀርባውን እያሸን አጽናናነው። ጥቂት ቆይቶ «አሁን ተሻለኝ፣ ተኙ» አለን፤ እኛም አምነን ተኛን። ሊነጋጋ ሲል ስንነቃ ከንፈሩ ጠቍሮ ቃል መናገር አቅቶት አገኘነው። ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። እርሱ አልዋሸንም፤ በእርግጥ ተሽሎት ነበር፤ ያልተሻለው ሳንባው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ የትንፋሽ መለኪያ አስገዝቶታል። በአፍ የሚነፉባት፣ ቍጥር የተጻፈባትና በትንፋሽ ኃይል የምትንቀሳቀስ ምልክት ያላት ትንሽ ቱቦ ናት፤ ባትሪም ሆነ ኤሌክትሪክ አትሻም። ከራስጌው አትለይም። ሻዩንም እስከ ዛሬ እናፈላለታለን፤ ነገር ግን «ተሻለኝ» ሲለን ቱቦዋን እናቀብለውና «እስቲ ንፋ» እንለዋለን።