መብራት ሲጠፋ በሩ ይከፈታል ወይስ ይቆለፋል?

የስንዴና የቢራ ገብስ ምርት በሚከማችበት የአርሲ ደጋ፣ የመጋዘን ጥበቃ ለአርሶ አደሩ የዓመት ልፋቱ ጉዳይ ነው። ጓጉንቸርና የጥበቃ ሠራተኛ ብቻ ይዘውት የቆዩትን ሥራ በካርድ ወይም በጣት አሻራ የሚከፈቱ በሮች መጋራት ጀምረዋል። ይሁን እንጂ መሣሪያውን ከመግዛት አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ይገባል።

ሥርዓቱ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንባቢው የሰውየውን ማንነት ይቀበላል፤ መቆጣጠሪያው ፈቃድ እንዳለው ያጣራል፤ ቁልፉ ደግሞ በሩን ይከፍታል። ማን፣ በስንት ሰዓት እንደገባም ይመዘገባል። ከመጋዘን እህል ቢጎድል ይህ መዝገብ ጥርጣሬን ከንጹሑ ሰው ላይ ያነሣል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በማግኔት የሚያዝ በር ኃይል ሲቋረጥ ይለቃል፤ በዚህም ሌባ ሊገባ ይችላል። ሌላው ዓይነት ኃይል ሲቋረጥ ከውጭ እንደተቆለፈ ይቆያል። ሰዎች በሚሠሩበት ሕንፃ ግን ከውስጥ ያለው ሰው ያለ ካርድና ያለ መብራት በእጁ ከፍቶ መውጣት መቻል አለበት። እሳት ቢነሣ የሰው ሕይወት ከንብረት ይቀድማልና። መጠባበቂያ ባትሪም ሊዘነጋ አይገባም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጣት አሻራ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አሰላና በአካባቢዋ የጠዋቱ ብርድ ቆዳን ያደርቃል፤ ሞፈርና ማጭድ የያዘ እጅም መጅ ያወጣል። እንዲህ ያለውን አሻራ ማሽኑ ላያነበው ይችላል። በፋይዳ ምዝገባ ከአሥሩ ጣቶች አሻራ ጋር የዓይንና የፊት ምስል መወሰዱ በአንድ መለያ ብቻ ላለመወሰን ይረዳል። ስለዚህ ማኅበራት አሻራ ለማይነበብላቸው አባላት ካርድ ወይም የምስጢር ቁጥር ማዘጋጀት ይኖርባቸዋል።

ካርድም ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም። ርካሽ የሆኑት የቆዩ ካርዶች በቀላሉ ይቀዳሉ። የጠፋ ካርድ ግን ጓጉንቸር መለወጥ ሳያስፈልግ ወዲያውኑ ከመዝገብ ይሰረዛል። አሻራ በአንጻሩ አንዴ ከተሰረቀ አይለወጥም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስብ አካል እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሏል። አሻራ የሚሰጥ ሁሉ የት እንደሚቀመጥና ከሥራ ሲለቅ እንደሚሰረዝ መጠየቅ ይኖርበታል።

መሣሪያው የጥበቃ ሠራተኛውን ያግዛል እንጂ አይተካውም። በር ከፍቶ ሌላውን አስከትሎ የሚገባን ሰው የሚያስተውለው አሁንም የሰው ዓይን ነው።