የወተት ዝርያ ወይፈን ሥጋ ጥራት በአያያዝ ይወሰናል

በአርሲ፣ በሰላሌና በቢሾፍቱ አካባቢ የተዳቀሉ የወተት ላሞች በሚያረቡ ገበሬዎች ዘንድ የሴት ጥጃ መወለድ ሲያስደስት፣ ወንዱ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ሸክም ይታያል። ወተት አይሰጥምና በለጋነቱ በርካሽ ይሸጣል፤ አለዚያም በመኖ እጦት ይቀጭጫል። «የፈረንጅ ከብት ሥጋ አይጣፍጥም» መባሉም ገበያውን ይጎዳዋል።

ይሁን እንጂ የሥጋ ጥራት በዝርያ ብቻ አይወሰንም። ካዱ በሚል አጠራር የታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በ1960ዎቹ በአሰላ ዙሪያ የአገር ላሞችን ከፍሪዥያን ጋር ማዳቀልን ካስፋፋ ወዲህ እንደታየው፣ ክልሱ በቂ መኖ ካገኘ ከአገሩ ከብት ፈጥኖ ያድጋል። ፈጥኖ ያደገም በለጋነቱ ለእርድ ይደርሳል። ከብት ባረጀ ቁጥር ጡንቻን የሚያያይዙት ጅማታማ ክሮች ስለሚጠነክሩ፣ በጥጃነቱ የተራበና ዘግይቶ የታረደ ወይፈን ሥጋው ይጠጥራል። በለጋነቱ የተኮላሸ ደግሞ ካልተኮላሸው ይልቅ ስብ ይይዛል፤ ሥጋውም ይለሰልሳል። ስለዚህ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ሳይቋረጥ ሊቀርብለት ይገባል።

የወተት ዝርያ ስቡን የሚያከማቸው ይበልጥ በኩላሊትና በአንጀት ዙሪያ እንጂ ከቆዳ ሥር ስላልሆነ፣ ውጪውን ብቻ አይቶ «አልሰባም» ማለት ያሳስታል። በጀርሲ ከብት ላይ የሚታየው ቢጫ ስብም ከለምለም ሣር የሚገኝ ቀለም እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም።

ብዙ የተደከመበት ወይፈን በመጨረሻው ቀን ሊበላሽ ይችላል። በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር ከእርድ በኋላ ወደ አሲድ ተለውጦ ሥጋውን ያቀላዋል፤ ቶሎ እንዳይበላሽም ያግዘዋል። ረጅም መንገድ በዱላ የተነዳ ወይም ከማያውቃቸው ኮርማዎች ጋር ታጉሮ ሲዋጋ ያደረ ከብት ግን ይህን ስኳር ይጨርሳል። ሥጋው ጠቆር ያለና የሚያጣብቅ ይሆናል፤ ፈጥኖም ይበላሻል። አንድ ሌሊት ማሳረፍ ብቻውን የጠፋውን አይተካም።

ከእርድ በኋላም ጥንቃቄ ያሻል። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ስስ በመሆኑ ሥጋው ወዲያው ወደ ኃይለኛ ቅዝቃዜ ከገባ ተኮማትሮ ይጠጥራል። በዝግታ ቀዝቅዞ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ7 እስከ 14 ቀን ቢቆይ ግን ይለሰልሳል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ሥጋን ማቆየት አደገኛ ነው። ከወተት የተገለለች አሮጊት ላም ሥጋዋ ለጥብስ ባይመችም፣ በወጥና በቅቅል በዝግታ ሲበስል ይለሰልሳል።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች አባሎቻቸው ወንድ ጥጆችን ከመጣል ይልቅ በኅብረት እንዲያደልቡ፣ ከብቶቹም አብረዋቸው ካደጉት ጋር ሳይደበደቡና ሳይጠሙ ለገበያ እንዲደርሱ ቢያስተባብሩ፣ እንደ ሸክም ይታይ የነበረው ጥጃ የቤተሰብ ገቢ ይሆናል።